ማኅደሩ ሲያምር ፊደሉ ሲጠፋ

በዘመናችን በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ባሉት ከተሞች፣ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ወይም ሁለት መምህራን በሻይ ቤት የተገናኙ እንደ ሆነ፣ ስለ ዝናሙና ስለ እህሉ ዋጋ ጥቂት ከተጨዋወቱ በኋላ ነገራቸው ወደ ኮምፒውተር መዞሩ አይቀርም። አንደኛው «ኮር አይ 7 ካልሆነ ገንዘብ መበተን ነው» ይላል። ሁለተኛው ከዱባይ የመጣውን ያገለገለ ላፕቶፕ ከአዲሱ ያስበልጣል። ሦስተኛው ደግሞ ኤች ፒ ከዴል፣ ዴል ከሌኖቮ የሚለይበትን ምክንያት የትውልድ ሐረግ እንደሚቆጥር ባላባት ይዘረዝራል። ተማሪዎችም ከዚህ ክርክር ወደ ኋላ አይሉም፤ እንዲያውም የአንዱን ስልክ ካሜራ ኃይል የሚያውቁትን ያህል ታሪክና ሒሳብ ቢያውቁ መምህራኖቻቸው ደስ ባላቸው ነበር።

እኛ ይህን ጨዋታ አንነቅፍም። ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢጠይቅና ቢመክር አስተዋይነት ነው። ይልቁንም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ላፕቶፕ መግዛት ለደመወዝተኛ እንደ በሬ ግዥ ብዙ ምክር የሚጠይቅ ነገር ሆኗል። የምንነቅፈው ክርክሩን ሳይሆን በክርክሩ ውስጥ የጎደለውን ነው። ይህን ያህል ዘመን ስናዳምጥ፣ «ይህ ኮምፒውተር አማርኛን እንዴት አድርጎ ይጽፋል? የጻፈውንስ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው ያነብለታልን?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመንም። ለእኛ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። የፍጥነቱ፣ የስፋቱና የስሙ ጉዳይ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ፊደላችን ከመኪና ጋር ሲታገል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የሚሆን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በደከሙበት ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ፊደሉ ብዙ የመኪናው መምቻ ግን ጥቂት በመሆኑ «ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል» የሚሉ ምሁራን ተነሥተው ነበር። ሐሳባቸው ቅን እንደ ነበረ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ለመኪናው ሲባል ፊደሉን መቁረጥ ለኮርቻው ሲባል ፈረሱን እንደ መጥረብ ነው። ደግነቱ ፈረሱ ሳይጠረብ ቀረ።

ኮምፒውተር በመጣ ጊዜም ያው ትግል ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላውና እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ወገኖቻችን በባሕር ማዶ ሆነው ፊደሉ በኮምፒውተር እንዲጻፍ ደከሙ። ኋላም እንደ ቪዥዋል ግዕዝና እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ ገብተው አገርን አገለገሉ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። የዚያ ዘመን ፎንት ግን በባሕርዩ አንድ ችግር ነበረበት። ኮምፒውተሩ ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ ከ256 አያልፍም፤ ይህም ቢሆን ለላቲን ፊደል የተመደበ ነበር። የእኛ ፊደል 33ቱ ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመሩበት ቦታው አይበቃውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፍለው በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ዓይን በመስተዋቱ ላይ «ሰላም» የሚል ቃል ያያል፤ ኮምፒውተሩ ግን በሆዱ የያዘው የላቲን ምልክት ነው። ጽሑፉን ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ የከፈተ ሰው የሚያገኘውም ያንኑ ትርጉም የሌለውን ምልክት ነው።

ይህ ችግር መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ማለት በዓለም ላሉ ፊደሎች ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሰጠ ስምምነት ነው። የእኛ ሀ 4608 የሚለውን ቁጥር ይዛለች፤ ይህም ቁጥር በቶኪዮም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በቦረናም ሆነ በወግዲ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ደግሞ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ከሥርዓቱ ጋር አብሮ መጣ። እንግዲህ ፊደላችን ወንበር መለመኑን ትቶ የራሱን ወንበር ካገኘ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በተዘዋወርንባቸው ጽሕፈት ቤቶች በአሮጌው ፎንት የሚጽፉ ሠራተኞችን ዛሬም እናገኛለን።

የዚህ ጉዳት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የተመለከትነውን እንናገር። አንድ ሽማግሌ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በድንበር ክርክር የተጻፈላቸውን የውሳኔ ደብዳቤ ግልባጭ ፈልገው መጡ። በእጃቸው የነበረው ወረቀት ጣራው አፍስሶበት ተበላሽቷል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ትጉህ ልጅ ናትና አሮጌውን ፋይል ፈልጋ አገኘችው፤ በከፈተችው ጊዜ ግን በገጹ ላይ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተዘርቶበት ታየ።

«አባባ፣ ደብዳቤው አለ፤ ፊደሉ ግን ጠፍቷል» አለቻቸው።

«ደብዳቤው ካለ ፊደሉ ወዴት ይሄዳል፣ ልጄ?»

ልጅቱ መልስ አጣች። ሽማግሌውም ማፈሯን አይተው፣ «አብሽሪ፣ የአንቺ ጥፋት አይደለም» ብለው ምስክር ሊቆጥሩ ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ። ደብዳቤውን ያረቀቀው ሹም ተዛውሯል፣ የጻፈው ማሽን ተበላሽቶ በመጋዘን ተጥሏል፣ ፎንቱም ከማሽኑ ጋር ቀርቷል። ያን ደብዳቤ የሚተካ ምስክር ባይገኝ ድንበሩ እንደ ገና ወደ ክርክር ይገባል ማለት ነው። በዚህ አገር የድንበር ክርክር ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዚያ አምባ የብራና መጻሕፍትን ጭኖ ወሰደ፤ ዛሬም 350 ያህሉ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ወደ አገራቸው ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እነዚያ መጻሕፍት ባሕር ተሻግረው፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በባዕድ አገር ተቀምጠው፣ ዛሬም ግዕዝ የተማረ ሰው ሁሉ ያነባቸዋል። በሳይንት ተድባበ ማርያም ያሉትም ብራናዎች ለመነበብ ከዓይንና ከብርሃን በቀር ሌላ አይጠይቁም። የእኛ ደብዳቤ ግን ከተጻፈበት ክፍል ሳይወጣ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቆይ፣ ለገዛ ጸሐፊው የማይነበብ ሆነ። ብራና ፋቂው ቆዳውን ሲመርጥ የልጅ ልጁን እያሰበ ነበር፤ እኛ ፎንት ስንመርጥ የነገውን በጀት ዓመት እንኳ አላሰብንም።

ይህን ስንናገር የሚሰጡን መልሶች የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው «ጣታችን የለመደው አሮጌውን ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ከልምድ የመጣ ስለ ሆነ ልናከብረው ይገባል፤ ሃያ ዓመት የጻፈን ሠራተኛ ጣት በአንድ ቀን መለወጥ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የእነዚሁ የታወቁ ፕሮግራሞች የኋላ እትሞች የዩኒኮድ ፎንት ይዘው ወጥተዋልና፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው የፎንቱን ስም ከዝርዝሩ መርጦ መለወጥ ብቻ ነው። ችግሩ ከጣት ላይ አይደለም።

ሁለተኛው «ዋናው ወረቀቱ ነው፤ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ከወጣ ይበቃል» የሚል ነው። ወረቀት ይበቃ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩን ለምን ገዛነው? የጽሕፈት መኪናው ይሻለን ነበር፤ መብራት አይጠይቅም፣ ቫይረስ አይዘውም። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሕግ ያከበረውን ሰነድ የማይነበብ አድርጎ ማኖር የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። ይህኛው መልስ ከሁሉ ይልቅ ያስገርመናል። የዩኒኮድ ፎንት በነጻ ይገኛል፤ አቢሲኒካ የሚባለው አንዱ ነው። ኪይማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ሊብረ ኦፊስም ለደብዳቤና ለሰንጠረዥ የሚያገለግል ሆኖ በነጻ ይገኛል። ገንዘብ የማይጠይቀውን በገንዘብ እጦት አሳብቦ መተው ከስንፍና በቀር ሌላ ስም የለውም።

ስለ ነጻ ነገር ካነሣን፣ በየኮፒ ቤቱ በፍላሽ እየተገለበጠ ስለሚሰጠው የተሰበረ ፕሮግራምም አንድ ቃል እንበል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ይጠብቃል። ሌባ ሲሰርቅ የሚከሰስበት አገር ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተሰረቀ ፕሮግራም ሲጽፍ መዋሉ ለተማሪው ምን ዓይነት ትምህርት ነው? የሞራሉን ነገር ብንተወው እንኳ፣ የተሰበረ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የደኅንነት እድሳት አይደርሰውም፤ በውስጡ ምን እንደ ተጨመረበትም የሚያውቅ የለም። ፍላሹን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይዞ የሚዞር ተላላኪ ከደብዳቤው ጋር ቫይረሱንም ያደርሳል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። በግዥ ጊዜ የምናየው ልማድ እንዲህ ነው። ትልቁና አዲሱ ላፕቶፕ ለኃላፊው ይሰጣል፤ ኃላፊውም ኢሜይሉን ያይበታል፣ አመሻሹ ላይ ፊልም ይመለከትበታል። ቀኑን ሙሉ የምትጽፈው ሠራተኛ ግን ሲነሣ ሩብ ሰዓት በሚፈጅ አሮጌ ማሽን ፊት ትቀመጣለች። ኮምፒውተር የሥራ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ካባ የማዕረግ ልብስ ሆኗል። ደብዳቤና ሰንጠረዥ ለመሥራት ኮር አይ 7 አያስፈልግም። ስምንት ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ፋንታ ኤስ ኤስ ዲ የገባለት መካከለኛ ማሽን ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል። አሮጌውን እንኳ ዲስኩን ብቻ ቢለውጡለት የሞተው ይነሣል፤ ዋጋውም ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ማሽኖች አይቀበልም። ስለዚህ «ሁሉም ይጣልና አዲስ ይገዛ» የሚሉ ድምፆች ሲነሡ እንሰማለን። እኛ አንስማማም። እንደ ሊኑክስ ሚንትና እንደ ኡቡንቱ ያሉት ነጻ ሥርዓቶች በእነዚያ ማሽኖች ላይ ይሠራሉ፤ የግዕዝ ፊደልንም በዩኒኮድ ይጽፋሉ። እርግጥ ነው፣ በሊኑክስ የሠለጠነ ጠጋኝ በየወረዳው አይገኝም፤ ይህን ማስተባበል ሐሰት ይሆናል። መካነ ሰላም ግን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት ከተማ ናት። ኮምፒውተር የሚማር ወጣት በአንድ የክረምት ወራት ለዐሥር የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሊያስተምር አይችልምን?

ጠጋኙ ማን ነው ብሎ አስቀድሞ አለመጠየቅ ያስከተለውን ኪሣራ መምህራን አይዘነጉትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ጠፋ፤ መሣሪያው ሲበላሽ ግድግዳው ላይ ጥቁር መስተዋት ሆኖ ቀረ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፣ ጽሑፋቸውን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ያኖሩ ሰዎች በእጃቸው ምንም እንዳልነበረ ተረዱ። ለደጋው አገር የሚመረጥ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ የሚመረጠውም ማሽን የመብራት መውረድና መውጣት በሚቆጣጠር መሣሪያ የተጠበቀ መሆን አለበት። ስታቢላይዘር ሳይገዙ ውድ ኮምፒውተር መግዛት በረት ሳይሠሩ ላም እንደ መግዛት ነው።

ዩኒኮድ ብቻውን ግን ሁሉን አያደርግም፤ ከእኛ የሚጠበቅም አለ። ኮምፒውተር እሳቱን ሰና ንጉሡን ሠ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች አድርጎ ያያል። የከተማይቱ ስም በትክክል «መካነ ሰላም» ተብሎ በእሳቱ ሰ መጻፍ ሲገባው፣ አንዱ «መካነ ሠላም»፣ ሌላው አያይዞ «መካነሰላም» ይለዋል። ሳይንትም «ሣይንት» እየተባለ ይጻፋል። ስለዚህ በአንዱ አጻጻፍ መዝገብ የሚፈልግ ሠራተኛ ግማሹን ያገኛል፣ ግማሹን «የለም» ይላል። ወልደ ሥላሴ የተባለው ባለጉዳይ በመዝገቡ ላይ «ወልደ ስላሴ» ተብሎ ከገባ፣ ሰውየው በሕይወት ቆሞ ሳለ በኮምፒውተሩ ዘንድ አልተወለደም። የመምህሩ የፊደል እርማት ከንቱ ጥንቃቄ የሚመስላቸው ተማሪዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ኤክሴል ጳጉሜንን አያውቅም። ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደውን ሕፃን ለመመዝገብ 5/13/2010 ብለን ብንጽፍ፣ የአሜሪካንን ልማድ የተከተለ ማሽን ሳይጠይቅ ሜይ 13 ያደርገዋል። ኅዳር 12ን 12/3/2010 ብንል ዲሴምበር 3 ይሆናል። ጥቅምት 30ን 30/2/2010 ብንል ደግሞ ቀን መሆኑን ክዶ እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል። ከዚህ በኋላ የተማሪዎችን ዕድሜ ደርድር ብንለው የሚሰጠን ዝርዝር ምን ሊመስል እንደሚችል ርእሳነ መምህራን ያውቁታል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ወጪውም ሁለት ዓምድ መጨመር ነው።

አማርኛን በላቲን ፊደል በስልክ የሚጻጻፉትን ወጣቶቻችንን በሚመለከት ነገሩን አናበዛም። «ስልኩ አስገድዶን ነው» የሚለው ምክንያት ድሮ እውነት ነበረ፤ ዛሬ አይደለም። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራችን መገጣጠሚያ ከፍቶ የቴክኖን ስልክ በአማርኛ የሚሠራ አድርጎ ባቀረበ ጊዜ ሕዝቡ ተቀብሎታል። ነጋዴው ለትርፉ ሲል ያከበረውን ፊደል ባለቤቱ ሲንቀው ማየት ያሳፍራል። የወሎ የእስልምና ሊቃውንት አማርኛውን መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል የሚል ቢኖር፣ እውነት ነው፤ እነርሱ ግን በመምህር ፊት ተቀምጠው፣ ሥርዓቱን አጥንተው፣ ለደቀ መዝሙር አስተላልፈው ነው የጻፉት። የዛሬው የስልክ ላቲን ግን ዛሬ የጻፈው ነገ ራሱ ሲያነበው የሚቸገርበት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የግዥ ኮሚቴዎች ኮምፒውተር ሲገዙ በዝርዝር መግለጫው ላይ ከሜሞሪውና ከዲስኩ በፊት «በዩኒኮድ የሚጽፍ የአማርኛ ፊደልና መጻፊያ የተጫነለት» የሚል መስመር ይግባ፤ ርክክቡም ሠራተኛዋ ራሷ አንድ ደብዳቤ ጽፋ፣ በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ሳይነበብ አይፈረም። የዞን መሥሪያ ቤቶች ከወረዳ የሚላክላቸውን ሰነድ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ይመልሱት፤ ሁለት ጊዜ የተመለሰበት ጽሕፈት ቤት ሦስተኛውን ያስተካክላል። ትምህርት ቤቶችም ፈተናቸውን በዩኒኮድ ይጻፉ፤ የዘንድሮው ጥያቄ ለሚመጣው ዓመት መምህር ይቀመጥለት።

በየመጋዘኑ የተከመሩትን አሮጌ ኮምፒውተሮች በሚመለከት ግን ጊዜ የለንም። በንብረት ማስወገድ ስም በሐራጅ ይሸጣሉ፤ የሚገዟቸውም ለቁርጥራጭ ብረት ነው። በሆዳቸው የያዙት የሰው ድንበር፣ የሰው ጡረታ፣ የሰው የትምህርት ማስረጃ ነው። በአሮጌ ፎንት የተጻፈውን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ። ስለዚህ ሐራጁ ከመጠራቱ በፊት መዝገብ ቤት፣ ንብረት ክፍልና የኮምፒውተር ባለሙያ በአንድነት ተቀምጠው የእያንዳንዱን ማሽን ዲስክ ይክፈቱ፤ ፎንቱ በውስጡ ካለ ከፋይሎቹ ጋር ይገልብጡት፣ ይለውጡት፣ በሁለት ቦታ ያኑሩት፤ ፈርመውም ይረካከቡ። ይህ ሳይፈጸም የሐራጅ ማስታወቂያው በሰሌዳው ላይ አይለጠፍ።